ባል አስቀድሞ የሚጠጣበት ምንጭ

በላስታ ቆላ ጠርዝ፣ ቀይ አፋፍ ከምትባለው መንደር በታች፣ ከአንድ ሾላ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች። ስሟ ዘለፋ ውሃ ነው። ውሃዋ የጠራና ለአፍ የሚጣፍጥ ሆኖ ሳለ የወቀሳና የተግሣጽ ስም መሸከሟ መንገደኛውን ሁሉ ያስገርመዋል። ከስሟ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የአገሩ ልማድ ነው። በቀይ አፋፍ ሙሽራይቱ ወደ ባሏ ቤት ከመግባቷ በፊት ዘፈኑ ይቆማል፣ ሚዜውም አጃቢውም ከሾላው ጥላ ውጭ ይቀራል፣ ሙሽሮቹም ብቻቸውን ወደ ምንጯ ይወርዳሉ። እዚያ ባልየው ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ይጨልፍና አስቀድሞ ራሱ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሚስቱ የሚሰጣት። ይህ ለምን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ከአገሩ ሽማግሌዎች የሚሰማው የነጋዴውን የኪሮስንና የሚስቱን የጌጤን ነገር ነው።

ኪሮስ፣ እንደሚነገረው፣ ከደጋው ማርና እህል በበቅሎ እየጫነ ወደ ጨው ገበያ የሚወርድ፣ ከዚያም አሞሌ ይዞ የሚመለስ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ቃሉን የሚያከብርና በገበያ ሰው የማያታልል ስለነበረ፣ አያ ንጋቱ የተባሉት የመንደሩ ትልቅ ሰው ልጃቸውን ጌጤን ሲድሩለት አንድም ሰው «ምነው?» አላላቸውም። ጌጤ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ሲያሞግሷት አትሽኮረመምም፣ ሲቆጧትም አትደነግጥም፤ ይህም ጠባይዋ በደጉ ጊዜ እንደ ጨዋነት ተቆጥሮላት ኖሮ በኋላ ክፉው ነገር ሲመጣ እንደ ክስ ተቆጠረባት።

ከተጋቡ ብዙ ሳይቆዩ ኪሮስ ወደ ጨው ገበያ በወረደበት ጊዜ መንገዱ በሽፍታ ተዘጋ ይባላል። ነጋዴው ሁሉ በቆላው ከተማ ታግቶ የመንገዱን መከፈት ሲጠባበቅ አንዱ ክረምት አለፈ፣ ሌላውም መጥቶ ሄደ። ቀይ አፋፍ ላይ ኪሮስ ሞቷል ያሉ ነበሩ። ጌጤ ግን ማቅ አልለበሰችም፣ ፀጉሯንም አልተላጨችም። «ሬሳውን ያየ መጥቶ ይንገረኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች እንጂ ሰው ፊት አላለቀሰችም ይላሉ።

መንገዱ ተከፍቶ ኪሮስ ሲመለስ ከሰው ሁሉ በፊት የተቀበለው የገዛ ውሻው ነበር። ውሻው ግን አላወቀውም። ከአጥሩ ዘሎ ወጥቶ ጥርሱን እያገጠጠ ጮኸበት፤ በስሙ ቢጠራውም ባሰበት። በዚህ መሐል ጎረቤቱ አበጀ ቀንበር ተሸክሞ ከኋላ ብቅ ሲል ያው ውሻ ጩኸቱን ዋጥ አደረገና ጭራውን እየቆላ ሄዶ ከአበጀ እግር ሥር ተጋደመ።

አበጀ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው። እሱ አንድ በሬ፣ የኪሮስም ቤት አንድ በሬ ስለነበራቸው፣ ኪሮስ በሌለበት ዘመን ሁለቱን በሬዎች አቀናጅቶ የራሱንም የጌጤንም መሬት ሲያርስ ከርሟል። ይህ በአገሩ የነበረ፣ መቀናጆ የሚባል፣ ማንም ክፉ የማያስብበት ነገር ነው። አበጀ ኪሮስን ባየ ጊዜ ቀንበሩን ጥሎ አቀፈው። «ወንድሜ፣ ከሞት ተነሣህልን!» እያለም አለቀሰ። ኪሮስም አቀፈው፤ ዓይኑ ግን ከውሻው ላይ አልተነሣም።

ወደ ቤቱ ገብቶ ጌጤ እግሩን ስታጥበው ኪሮስ በሩ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ አየ። ከወይራ የተጠረበ፣ ጠንካራና ልስልስ ያለ ነበር።

«ይህን ማን ሠራው?»

«አበጀ።»

«ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ለአበጀ ምኑ ነው?»

«ሽፍታ በዝቶ ነበር» አለች ጌጤ፣ ዓይኗን ከእግሩ ሳታነሣ። «መቀርቀሪያ ደግሞ ከውስጥ ካልዘጋ በየት ሊዘጋ ነው?»

መልሱ ትክክል ነበር። ኪሮስም ትክክል መሆኑን አወቀ፤ ነገር ግን ትክክለኛ መልስ በዚህ ፍጥነት ከየት መጣላት ሲል አሰበ። በማግስቱ ደግሞ ጌጤ ከጓሮ ሆና «ጌታው! ና፣ ጌታው!» ብላ ስትጣራ ሰማና ብድግ አለ። ወጥቶ ቢያይ የምትጠራው በሬውን ነው። እሱ ሲሄድ ይህ በሬ ስሙ ቡሬ ነበር።

«ጌታው ያልሽው ማነው?»

«በሬው ነዋ። አበጀ ሲያርስበት እንዲያ እያለ ይጠራዋል፣ በሬውም ለመደው። አሁን ቡሬ ብትለው ዞሮም አያይህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሮስ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ ሌባ ይመላለስ ጀመር ይባላል። የአጥሩን እሾህ ያያል፤ የት እንደ ሳሳ፣ የት አዲስ እንደ ተጨመረበት ይመረምራል። ጌጤ ዝም ካለች የምትደብቀው አለ ይላል፤ ከተናገረች ልታዘናጋኝ ነው ይላል። አበጀ ወደ ቤቱ ከመጣ «አላስችል አለው»፤ ከቀረ ደግሞ «ፈራ»። ከጎረቤት ሴቶች ነገር ለማውጣት ስለ ሌላ የሚጠይቅ መስሎ ጠየቀ፤ ሴቶቹም ተያይተው ፈገግ አሉ። እነሱ ፈገግ ያሉት በእሱ ሁኔታ ነበር። እሱ ግን በሚስቱ መሰለው።

ሽማግሌዎቹ ታሪኩን ሲያወሩ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ኪሮስ ይህን ሁሉ ምልክት እንዲህ ጥርት አድርጎ ያነበበው በከንቱ አልነበረምና ነው። መንገዱ በተዘጋበት ዘመን በቆላው ከተማ ያረፈው የሌላ ነጋዴ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤትም እንደ እሱው ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ ቀርቶ፣ ሚስቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኪሮስ መጀመሪያ አጥሯን ያጠረላት በቅንነት ነው። እንጨት የፈለጠላትም፣ የዘመመውን በሯን ያቀናላትም በቅንነት ነው። በኋላ ግን ነገሩ በዚያ አልቆመም። የዚያች ሴት ውሻ ለኪሮስ ጭራውን ይቆላ ነበር። እንግዲህ የቀናው በር፣ የታጠረው አጥር፣ የለመደው ውሻ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? ከዚያ ሲመለስ ግን ይህን ነገር እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ መንገድ አቧራ ቆጥሮ፣ አራግፎ ጥሎት ነበር።

አንድ ቀን አበጀ አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ ኪሮስ ጦሩን ይዞ ደረሰ። አበጀ መንሹን እንደ ያዘ ቆመ። ያበራዩ የነበሩት ሰዎች በመሐል ገብተው ኪሮስን በወገቡ ያዙት፤ ጦሩንም ቀሙት። ጩኸቱን ሰምተው አያ ንጋቱ መጡ፤ ሽማግሌ ቢሆኑም ጎራዴያቸውን ታጥቀው ነበር።

«ልጄን ከማን ጋር አገኘሃት?» አሉት።

«አላገኘኋትም።»

«ምስክር አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ልቤ አለኝ» አለ ኪሮስ።

አያ ንጋቱ ወደ እሱ ቀረብ አሉ። ከዚያ «በልብህ ብቻ ተነሥተህ የሰው ደም ብታፈስ፣ የወንድሞቼ ልጆችም ጦር እንዳላቸው አትርሳ» አሉት። ይህንንም የተናገሩት ሳይቆጡ ስለነበረ በአውድማው የቆመው ሁሉ ፈራ። ሁለት ወገን ሆኖ መገዳደል የደረሰ መሰላቸው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ወደ ቀይ አፋፍ ማርያም፣ ወደ አባ ጽጌ ድንግል ይዘውት ሄዱ።

አባ ጽጌ ብዙ ዘመን ኢየሩሳሌም ኖረው የተመለሱ መነኩሴ ነበሩ። ኦሪቱንም ወንጌሉንም ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ነገር ግን በዕብራውያን አገር ከዕብራውያን ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የሰሙትን ስለሚያወሩ የመንደሩ ሰው ግማሹ ያከብራቸው፣ ግማሹ «ምን ይዘው እንደ መጡ ማን ያውቃል» ይላቸው ነበር። ኪሮስን ብቻውን አስገብተው ነገሩን እስኪጨርስ ሰሙት።

«ባል በሚስቱ ላይ የቅናት መንፈስ ሲመጣበትና ምስክር ሲጠፋ የሚደረግ ሕግ በኦሪት አለ» አሉት። «ካህኑ በሸክላ ዕቃ ውሃ ይቀዳል፣ ከመቅደሱ ወለል አፈር ይጨምርበታል። ርግማኑን ጽፎ ጽሕፈቱን በውሃው ያጥበዋል። ሴቲቱ አሜን፣ አሜን ብላ ትጠጣዋለች። ማየ ዘለፋ የሚባለው እሱ ነው።»

ኪሮስ ፊቱ በራ። «ይኸው! የምፈልገው እሱን ነው፣ አባቴ። ትጠጣ!»

«ቆይ። ይህን ሕግ የሰማ ሰው ሁሉ ሴትን ለማዋረድ የወጣ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን በዕብራውያን ዙሪያ በነበሩት አሕዛብ ዘንድ የተጠረጠረች ሴት ወደ ወንዝ ትጣል ነበር፤ ወንዙ ከበላት ጥፋተኛ ነበረች ተብሎ ይቀራል። እግዚአብሔር ግን ባልየውን እጁን ከጎራዴው አስነሥቶ ወደ ካህኑ አመጣው። ከወንዝ ወደ አንድ ጽዋ አወረደላት። ይህ አንድ። ሁለተኛው ግን አንተን የሚመለከት ነው።»

«እኔን?»

«ሕጉ ሲያልቅ ባልየው ከኃጢአት ንጹሕ ይሆናል ይላል። እኛ ይህን ስናነብ፣ ሚስቱን ስለ ከሰሰ አይወቀስም ማለት ነው ብለን እናልፋለን። ኢየሩሳሌም ሳለሁ አንድ ዕብራዊ ሽማግሌ ግን አባቶቹ እንዴት እንዳነበቡት ነገረኝ። ባልየው ራሱ ንጹሕ ሲሆን ነው ውሃው ሚስቱን የሚመረምራት፤ እሱ ያልነጻ እንደ ሆነ ውሃው ውሃ ነው፣ ምንም አያውቅም አለኝ። እኔም በልቤ አሰብሁ፤ እመቤታችንን ማየ ዘለፋ ያጠጧት ጊዜ ጻድቁ ዮሴፍም ጠጥቶ የለም ወይ? ስለዚህ በዚህ ደብር፣ በእኔ እጅ ይህ ነገር የሚደረግ ከሆነ አስቀድሞ የምትጠጣው አንተ ነህ።»

ኪሮስ ከመቀመጫው ተነሣ። በዚያች ቅጽበት መነኩሴውም ከሚጠረጥራቸው ሰዎች ጋር ተቆጠሩ። «አያ ንጋቱ ምን ያህል ማር ላኩልዎ?» አለ።

«ማር አልበላም» አሉ አባ ጽጌ። «ብትተወው ይሻልሃል። ሂድና ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ። ማንም ምንም አይልህም።»

ኪሮስ መተው ይችል ነበር። ነገር ግን ቢተወው «ፈርቶ ተወው» የሚሉት መሰለው፤ ደግሞም ቀለምና አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ምን ያደርገኛል ብሎ አሰበ። «እጠጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ሚስቱን ሲመለከት ሰነበተ። ጌጤ ታበስላለች፣ ትፈትላለች፣ ተኝታም እንቅልፍ ይወስዳታል። እንቅልፏ አሳበደው። ንጹሕ ሰው ብትሆን እንዲህ በተዋረደችበት ሰሞን እንዴት ትተኛለች? ጥፋተኛስ ብትሆን እንዴት ትተኛለች? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥጥ እየፈተለች ሳለ ቀና ብላ፣

«አንተም ትጠጣለህ አሉ። እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያውስ እኔም እጠጣለሁ» አለችና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

በቀኑ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ምንጯ ወረደ። አባ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ያነሡትን አፈር በሸማ ቋጥረው፣ ርግማኑን የጻፉበትንም ብራና ይዘው መጡ። ከምንጯ በሸክላ ጽዋ ቀድተው አፈሩን ጨመሩበት፤ ብራናውንም ገለጡት፣ ውሃው ውስጥ ነክረውም በጣታቸው አሹት። ቀለሙ እየለቀቀ ውሃውን አጠቆረው። ከርግማኑ ጋር የእግዚአብሔር ስም ተጽፎ ስለነበረ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አባ! ስሙን ያጥፉታል?» ብሎ ጮኸ።

«ያዘዘው ራሱ ነው» አሉ አባ ጽጌ፤ ሌላም አልጨመሩ።

ከዚያ ጽዋውን ለኪሮስ ሰጡት። «በቃል ኪዳንህ ጸንተህ፣ ወደ ሌላ ሰው አልጋ ሳትወጣ ኖረህ እንደ ሆነ ይህ ውሃ አይንካህ፤ ወጥተህ እንደ ሆነ ግን ወደ አንጀትህ ይግባና ይወቅስህ። አሜን በል።»

«አሜን» አለ ኪሮስ።

«ሁለት ጊዜ ነው።»

እዚህ ላይ፣ እንደሚነገረው፣ ኪሮስ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ቃሉ አልወጣም። ሁለተኛዋን አሜን ሊል ሲል በዓይኑ የመጣው ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው ነበር፤ የዚያች የቆላዋ ሴት ባል። ያ ሰው በቅሎውን እየነዳ፣ ከተዘጋው መንገድ ማዶ መጥቶ፣ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ የገዛ ውሻው ሲጮህበት ታየው። ሕዝቡ ጠበቀ። ከከንፈሩ የደረሰው ጽዋ ወረደ፤ ጥቁሩ ውሃም ፈስሶ ነጠላውን ነካው። አያ ንጋቱ እጃቸውን ከጎራዴያቸው እጀታ አነሡ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው አልተያዩም። አበጀ ደግሞ፣ ይህንም የሚያስታውሱ አሉ፣ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ያን ጊዜ ጌጤ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና ጽዋውን ከባሏ እጅ ወሰደችው። ሰው ሁሉ ልትጠጣ ነው አለ። እሷ ግን አባቷን አየች፣ አበጀንም አየች፣ የከበቧትንም ሁሉ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ይህ ለእኔና ለእሱ ብቻ ለምን ተበጠበጠ?» አለች። «ከዚህ ምንጭ የማይጠጣ ማን አለ?»

ይህን ብላ ጽዋውን ከምንጯ ዓይን ላይ ደፋችው። ጥቁሩ ውሃ ከጠራው ጋር ተቀላቀለ፣ ጥቂት ዞረ፣ ከዚያም ጠፋ።

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ሕዝቡ እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ግን አንዲት ሴት እንስራዋን ይዛ እስከ ሾላው ወርዳ ቆመች፤ ውሃውን አየችና ባዶ እንስራ ተሸክማ ተመለሰች። ሌላዋም እንዲሁ። ቀይ አፋፍ ከዚያች ምንጭ በቀር ሌላ ውሃ የላትም፤ ወንዙ ከገደል በታች ነው፤ ማለዳ የወረደ ሰው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የሚመለሰው። ሆኖም ሰው ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። አንዱ ልብስ ላጥብ ብዬ ነው ይላል፤ ሌላው ለከብቱ ሣር ፍለጋ ነው ይላል። ከምንጯ የሚጠጡት ከብቶቹ ብቻ ሆኑ። እነሱ ያለ ሥጋት እየጠጡ ይመለሱ ነበር።

ከዚያ ጥርጣሬው ከኪሮስ ቤት ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ባል ሚስቱን «ለምን ከምንጯ አትቀጂም?» ይላል፤ ሚስትም «አንተ ለምን አትጠጣም?» ትላለች። ከጋብቻቸው ጀምሮ ክፉ ቃል ያልተለዋወጡ ሽማግሌና አሮጊት ጀርባ ተሰጣጥተው ዋሉ ይባላል። ለቤተ ክርስቲያን ውሃ የሚቀዱት ዲያቆናት እንኳ ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተቱ ታዩ፤ ሰውም ይህን በልቡ መዘገበው። አባ ጽጌ በሁሉ ፊት ከምንጯ ጠጡ፤ ይህ ግን ለማንም አልረዳም። «ኢየሩሳሌም ማርከሻውን ተምረዋል» አሏቸው።

ጌጤ ወደ ወንዝም ወደ ምንጭም አልወረደችም። ከአባቷ ቤት የሚላክላትን ጥቂት ውሃ እያብቃቃች ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ኪሮስ አላስቻለውም።

«ለምን ደፋሽው?» አላት።

«ብጠጣው ምን ትጠቀም ነበር? ጤና ብሆን መድኃኒት አላት ትላለህ። ብታመም ደግሞ ደስ ይልሃል።»

«ንጹሕ ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

ጌጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። «መጀመሪያ ጠጣ» አለችው። «ከጠጣህ በኋላ ጠይቀኝ። የዚያን ጊዜ እነግርሃለሁ።»

ኪሮስ በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ወደ ወንዝ በሚወርድበት ሰዓት፣ በሁሉም ፊት አልፎ ወደ ምንጯ ሄደ። ወንዝ ወራጆቹ እንስራቸውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ። ሰው ልከውም አባ ጽጌን አስጠሯቸው። ኪሮስ ከሾላው ሥር ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሲደርሱም፣

«አባቴ፣ ያቺን የቀረችውን አሜን ልላት ነው የመጣሁት» አለ።

«ምን እንደምትል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ሕዝቡም አወቀ። ንጹሕ ሰው ቢሆን ያን ዕለት ይላት ነበርና። ኪሮስ «አሜን» አለ፤ ጎንበስ ብሎም በእፍኙ ጨልፎ ጠጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ከዚያ በጉልበቱ ተቀመጠና እጁን በሆዱ ላይ አድርጎ የሚመጣውን ጠበቀ። ሆዱ አብጦ ብዙ ጊዜ ታሞ ነበር የሚሉ አሉ። ሌሎች ግን ምንም አልሆነም፣ ብቻ አለቀሰ ይላሉ። ሁለቱም የሚስማሙት አባ ጽጌ ያን ጊዜ በተናገሩት ነው።

«አልሞትሁም፣ አባቴ» አለ ኪሮስ።

«አትሞትም። ያን ቀን ስሙን ለምን ያጥፉታል ያላችሁኝ፣ አድምጡ። ያ ዕብራዊ ሽማግሌ ይህንንም ነግሮኛል። እግዚአብሔር ስሙ እንዳይሰረዝ ያዘዘ አምላክ ነው፤ በዚህ በአንድ ሕግ ብቻ ግን በውሃ እንዲታጠብ ፈቀደ። ለምን? በባልና በሚስት መካከል ሰላም ይሆን ዘንድ፣ የእኔ ስም ይጥፋ ብሎ ነው። ዕብራዊው የደረሰው እስከዚህ ነው። እኛ ደግሞ ስሙ ብቻ ሳይሆን ራሱ ስለ እኛ እንደ ተዋረደ እናምናለን። አመንዝራ ብለው ባቀረቡለት ሴት ፊት ጎንበስ ብሎ በአፈር ላይ ጻፈ፤ የመቅደስ አፈር፣ ጽሕፈት፣ የተከሰሰች ሴት፤ ያው የኦሪቱ ሕግ አይደለም? ያን ቀን ግን መራራውን ጽዋ እሷን አላጠጣትም፤ ለራሱ አቆየው። ከሳሾቿም የገዛ ልባቸው ወቅሷቸው ሄዱ።»

ኪሮስ ይህን ሰምቶ ተነሣ። ጌጤ በሰዎቹ መካከል ቆማ ነበር። በእፍኙ ውሃ ጨልፎ፣ በጣቶቹ መካከል እየተንጠባጠበ፣ እስከ እሷ ድረስ ወጣ። ጌጤም ጎንበስ ብላ ከእጁ ጠጣች። እሱ ከሚያውቀው በላይ ተጠምታ ነበርና እርጥብ የቀረውን መዳፉን በከንፈሯ ነካችው ይባላል።

ሕዝቡ አሁን ይጠይቃታል ብሎ ጠበቀ። እሷም ቀና ብላ ጠበቀችው። ኪሮስ ግን አልጠየቃትም። ያን ቀን አልጠየቃትም፣ ከዚያም በኋላ፣ ልጆች ወልደው ልጆቻቸውን እስኪድሩ አብረው ሲኖሩ፣ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ጌጤ እስክታረጅ ድረስ መልሷን ይዛ ጠበቀች የሚሉ አሉ። መልሱ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። የላይ ሰፈር ሰዎች «እንደ ጠዋት ጤዛ ንጹሕ ነበረች፣ ለሕዝቡ ትምህርት ብላ ነው የደፋችው» ይላሉ። የታች ሰፈር ሰዎች «እንግዲህ የደፋ ሰው ለምን እንደ ደፋ እሱ ያውቃል» ብለው ያልፋሉ።

ኪሮስና ጌጤ ከጠጡ በኋላ ሌላውም ተራ በተራ ወረደ። ማን ቶሎ እንደ ጠጣ፣ ማን እንደ ዘገየ፣ ማን በጎረቤት ቅል አስቀድቶ በቤቱ እንደ ጠጣ ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። አበጀ መቼ እንደ ጠጣ ግን የሚያስታውስ የለም። በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት በሬውን ነድቶ ወደ እናቱ አገር መሄዱ ብቻ ይታወቃል።

ምንጯም ከዚያ ወዲህ ዘለፋ ውሃ ተባለች፤ ባልም አስቀድሞ እንዲጠጣ ደንብ ሆነ። በቀይ አፋፍ ዛሬም ቢሆን ሚስቱን ሊከስ ወደ ሽማግሌ የሄደ ሰው ክሱን ከመናገሩ በፊት «ወደ ሾላው ወርደሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኛው ሰው እንወያይበት ብሎ ይመለሳል እንጂ አይወርድም።

በሠርግ ቀን ግን ማምለጫ የለም። ዘፈኑ ይቆማል፣ ሙሽራው ይወርዳል፣ ጎንበስ ብሎም ይጨልፋል። ከዚያ ውሃው በእፍኙ እንዳለ፣ ከመጠጣቱ በፊት፣ ጥቂት ቆም ይላል። ቆም ሳይል የጠጣ ሙሽራ እስከ ዛሬ አልታየም ይባላል። ከሾላው ጥላ ውጭ የቆሙት ሴቶች ያን ጊዜ የሚያዩት እጁን ነው፤ ምን ያህል ቆመ፣ ውሃውስ ምን ያህል ተንጠባጠበ። ማምሻውን በሠርጉ ቤት ከሙሽራዋ ጥሎሽ በፊት የሚነሣው ወሬ እሱ ነው።